ሳልመዘን የተማርኩት

በእኛ አገር «ምነው ከሳሽ?» መባል ምስጋና ሆኖ አያውቅም። ጎረቤት እንዲህ ብሎ ከጀመረ ቀጥሎ የሚጠይቀው ስለ ጤናሽ ነው፤ ደህና ነኝ ካልሽው ስለ ትዳርሽ፣ ከዚያ ስለ ጓዳሽ። ወላይታ መክሳትን ከችግር ጋር ነው የሚያውቀው። የ1977ቱን ረሃብ በልጅነታቸው ያዩ ሰዎች ዛሬ አያቶች ሆነው በየቤቱ አሉ። በ1992 እና በ1995 ዓ.ም. ደግሞ ዳሞት ጋሌን በመሳሰሉ ወረዳዎች ማሳው ለምልሞ፣ ዛፉ አረንጓዴ ሆኖ ሰው ተርቧል። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች እስከ ዛሬ የሕፃናትን ክንድ በባለቀለም ሜትር ይለካሉ፤ 11.5 ሴንቲ ሜትር ያልሞላ ክንድ ቀዩ ላይ ያርፋል፣ ልጁም ሕክምና ይገባል። እዚህ ሰው የሚለካው እንዳይከሳ ተብሎ ነው።

እንዲህ ባለ ቦታ ነው አንድ የጤና ባለሙያ የምርመራ ወረቀቴን አይቶ «ክብደት ቀንሺ» ያለኝ። በባዶ ሆድ የሚለካ ስኳር በዴሲ ሊትር 126 ሚሊ ግራም ከደረሰ የስኳር በሽታ ይባላል፤ የእኔ እዚያ ባይደርስም ከጤናማው አልፏል። እንዴት ልቀንስ ስለው «ምግብ ቀንሺ» አለኝና ቀጣዩን ተረኛ ጠራ። አዲስ አበባ ያለችው እህቴ ይህን ስትሰማ ከስልኳ ያገኘችውን ዝርዝር ላከችልኝ፦ ጠዋት አጃ፣ ረፋድ ላይ አልሞንድ፣ ምሳ ሰላጣና የዶሮ ደረት፣ ማታ ምንም። ዝርዝሩን በሶዶ ገበያ ዋጋ አሰላሁት። የመምህር ደመወዝ ሁለት ሳምንት አይሻገርበትም።

ስለዚህ በሌላ በር ገባሁ። ዳይት የሚባለውን ሳልጀምር፣ ሚዛን ላይ ሳልወጣ አበላሌን ቀስ በቀስ ለወጥኩ። ስኳሬ ወደ ጤናማው ከወረደ ሰንብቷል። ከታች ያለው በመንገድ ላይ የተማርኩት ነው። መድኃኒት የምትወስዱ ግን ይህን አንብባችሁ መድኃኒታችሁን እንዳትነኩ፤ እኔ የሒሳብ አስተማሪ ነኝ።

1. ራስን ማስራብ ዕዳው ይመለሳል

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ላይ በአሜሪካ የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ፣ አንሰል ኪስ የተባለ ተመራማሪ 36 ጤነኛ ወጣቶችን በፈቃዳቸው ለስድስት ወር ገደማ ከለመዱት በግማሽ ያህል ምግብ አኖራቸው። ዓላማው በጦርነት የተራበውን የአውሮፓ ሕዝብ እንዴት መልሶ መመገብ እንደሚቻል ለማወቅ ነበር። ወጣቶቹ ከሱ፤ ይህ የሚጠበቅ ነው። ያልተጠበቀው ጭንቅላታቸው ላይ የሆነው ነገር ነው። ስለ ፖለቲካና ስለ ሴት ማውራት ትተው ስለ ምግብ ብቻ ያወሩ ጀመር፤ የምግብ አሠራር መጽሐፍ እንደ ልብ ወለድ ያነብቡ ነበር። ሙከራው ካበቃ በኋላም ብዙዎቹ ሆዳቸው ሞልቶ እንኳ አልጠግብ አሉ።

እናቴ ይህን ጥናት ሰምታው አታውቅም፤ ነገሩን ግን ታውቀዋለች። ከረሃብ የወጣ ሰው ምግብ ሲያገኝ እንዴት እንደሚበላ አይታለች። ቁርስና ምሳ ዘልላ ማታ ድስቱ ሥር የምትቀመጥ የሥራ ባልደረባዬን ሳይ የማስበው ያንን ነው። ሰውነት ረሃቡ ከበልግ መጥፋት ይምጣ ከስልክ ላይ ዝርዝር ይምጣ አይለይም።

ስለዚህ ቁርስ ሳልበላ ከቤት አልወጣም፣ ምሳም አልዘልም። ማታ ያለ ልክ መብላቴ የቀረው በዚህ ነው፤ ጉልበት አልጠየቀኝም።

2. ከሳህኑ ላይ ከማንሳቴ በፊት ጨመርኩበት

ትልቁ ለውጥ ይህ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

ቆጮ ሆድ ይይዛል፣ ግን ከሞላ ጎደል ስታርች ነው፤ ፕሮቲኑ እጅግ ጥቂት ነው። ቡላው ደግሞ ከዚያም የጠራ ስታርች ነው። የዱሮ ሰው ይህን ያወቀ ይመስል ቆጮን ብቻውን አያቀርብም ነበር። በልጅነቴ ከቦዲቲ ወረድ ብሎ ባለው የእናቴ ቤት ቆጮ ሲመጣ ጎመን አብሮ ይመጣል፣ አይብ ይመጣል፣ አይብ ባይኖር ቦሎቄ ይመጣል። ዛሬ ሶዶ ከተማ ውስጥ ባለው የእኔ ቤት ሳህኑ ላይ የሆነውን ሳይ ቆጮው፣ ዳቦው፣ እንጀራው ሰፍቷል፤ ማባያው ጠብቧል።

ለምን ጠበበ? የማንም ስንፍና አይደለም። ወላይታ በአገሪቱ ውስጥ ሰው እጅግ ተጠጋግቶ ከሚኖርባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። መሬት ከአባት ወደ ልጆች ሲከፋፈል ግጦሽ ጠፋ፤ ግጦሽ ሲጠፋ ከብት ቀነሰ፤ ከብት ሲቀንስ ወተትና አይብ ብቻ አይደለም የቀነሰው፣ በቤት ዙሪያ የተተከለውን እንሰት የሚመግበው ፍግም አብሮ ቀነሰ። እንሰቱን ደግሞ አጠውልግ የሚባለው በሽታ ይጨርሰዋል፤ አረካ ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል ከዚሁ ጋር ሲታገል ኖሯል። ከተሜው በበኩሉ ኪሱን አይቶ በርካሹ ይጠግባል። በርካሽ የሚያጠግበው ደግሞ ስታርች ነው።

እኔ ቆጮ አልተውኩም። የጨመርኩት ጎመንና ቦሎቄ ነው፤ ያውም ከቆጮው እኩል እስኪሆን። ቀጥሎ የለወጥኩት ቅደም ተከተሉን ነው፦ መጀመሪያ ጎመኑን፣ ቀጥሎ ቦሎቄውን፣ ቆጮውን በመጨረሻ። አትክልትና ፕሮቲን ቀድሞ ሲገባ ከምግብ በኋላ የደም ስኳር ቀስ ብሎ እንደሚወጣ የሚያሳዩ ጥናቶች አሉ። እኔ ያስተዋልኩት ሌላም ነገር አለ፤ ቆጮው ጋ ስደርስ ያን ያህል አያምረኝም። የጥጋብ መልእክት ከሆድ ወደ ጭንቅላት እስኪደርስ ወደ 20 ደቂቃ ይወስዳል ይባላል፤ ጎመን እያኘክሁ ጊዜው ያልፋል።

ቦሎቄ ከሰል ይበላል የሚል ክርክር አለ፤ እውነት ነው። መፍትሔው ከማታው ጀምሮ መዘፍዘፍ ነው። የተዘፈዘፈበትን ውሃ ደፍተሽ በአዲስ ውሃ ስትጥጂው ቶሎ ይበስላል፣ ሆድም ብዙ አይነፋም። ከገበያ የምገዛው ቀዩን፣ ናስር የሚባለውን ነው፤ ወጡ ቀለም አለው።

ኢትዮጵያ በ2014 ዓ.ም. የራሷን የአመጋገብ መመሪያ አውጥታለች። የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ያዘጋጀው ይህ ሰነድ ምግብን በ6 ምድብ ከፍሎ በየቀኑ ቢያንስ ከ4ቱ ብሉ ይላል። ሳነበው የደነቀኝ የእናቴ የድሮ ሳህን ይህን ያለ ምንም መመሪያ ማሟላቱ ነው፦ ቆጮ፣ ጎመን፣ ቦሎቄ፣ አይብ። አልሞንድ የለበትም።

3. ለብቻዬ ድስት አልጣድኩም

«የእማዬ ምግብ» የሚባል ነገር ቤት ውስጥ ከተፈጠረ ነገሩ በአንድ ወር ያበቃል። አንድ ድስት፣ ሁሉም ከእሱ። ባለቤቴ መጀመሪያ ጎመኑን ወደ ዳር ይገፋው ነበር፤ አላስገደድኩትም። አሁን ከቦሎቄው ሁለተኛ የሚያወጣው እሱ ነው።

4. ስኳር ድንችን ለቀቅ አድርጉት

«ስኳር እያለብሽ ስኳር ድንች ትበያለሽ?» ብሎ ያልጠየቀኝ ዘመድ የለም። እበላለሁ። አሠራሩ ግን ልዩነት አለው። ተቀቅሎ የተበላ ስኳር ድንች የደም ስኳርን ቀስ አድርጎ ሲያወጣ፣ በፍም የተጠበሰው በጣም ፈጣን ነው። ስለዚህ የምሽቱ የመንገድ ዳር ጥብስ አልፎ አልፎ ነው፣ የተቀቀለው ግን የዘወትር። ከቦሎቄ ወይም ከአይብ ጋር እንጂ ብቻውን ቁርስ አላደርገውም።

ብርቱካናማውንም ለምጄዋለሁ። ከሀዋሳ የግብርና ምርምር የወጡት ኩልፎና ቱላ የሚባሉት ዝርያዎች ቀለማቸው የመጣው ሰውነት ወደ ቫይታሚን ኤ ከሚለውጠው ቤታ ካሮቲን ነው። ስኳር ድንችን በዚህ መንገድ ያሻሻሉና ያስፋፉ ሳይንቲስቶች በ2016 እ.ኤ.አ. የዓለም የምግብ ሽልማት አግኝተውበታል። ጣዕሙ ላይ ግን እውነቱን እንነጋገር፤ ብርቱካናማው ውሃ ይበዛዋል፣ እንደ ነጩ ደርቆ ዱቄት ዱቄት አይልም፣ ለዚህም ነው ሽማግሌዎቻችን «አያጠግብም» ብለው የሚንቁት። እኔ ግማሽ በግማሽ እቀቅላለሁ። ቦዬና ጎደሬም በተራቸው ይገባሉ። ቦዬ በዳጣ፣ በዚያ በተፈጨው የቃሪያ ማባያ፣ የማይወድ ሰው ወላይታነቱ ይመርመር።

5. ስኳሩ ከምሳው ይልቅ በሻዩ ነበር የሚገባው

ይህን ያገኘሁት በሙያዬ ነው፤ ቁጭ ብዬ ደመርኩ። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ገደማ ነው። በእኛ መምህራን ክፍል አንድ ብርጭቆ ሻይ ሦስት ማንኪያ ይጨመርበታል፣ ሞቅ ያለ ወሬ ካለ አራት። ሦስት ማንኪያ በቀን አራት ብርጭቆ 48 ግራም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 እ.ኤ.አ. ያወጣው ምክር ለአንድ አዋቂ ሰው ቢበዛ 50 ግራም ገደማ፣ ቢቻል 25 ግራም ነው የሚለው። እንግዲህ ሻዩ ብቻውን ድርሻውን ጨርሶታል። አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ሲታከልበት ሌላ 30 ግራም ገደማ፤ ቦምቦሊኖው ላይ የተነሰነሰውን አልቆጠርኩም።

በአንድ ጊዜ ማቆም የሚባለውን አልሞከርኩም። ግማሽ ማንኪያ ቀነስኩና ምላሴ እስኪረሳው ጠበቅኩ፤ ከዚያ ሌላ ግማሽ። ምላስ በጥቂት ሳምንት ይለምዳል። አሁን ሠርግ ቤት የሚቀርብልኝ ሻይ ሽሮፕ ሆኖ ይሰማኛል።

ዋናው መፍትሔ ግን ድሮም ቤታችን ውስጥ ያለው ሀይታ ቱኬ ነው። ከወላይታ ውጭ ላላችሁ፦ የቡና ቅጠል ከዝንጅብል፣ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከቃሪያና ከመልካም ሽታ ቅጠሎች ጋር ተወቅጦ፣ ጨው ገብቶበት የሚፈላ መጠጥ ነው። ስኳር አያውቅም። ጠዋት ከተቀቀለ ቦሎቄ ወይም ከቆሎ ጋር ጎረቤት ተጠራርቶ ይጠጣዋል። የሶዶ ወጣት ይህን የገጠር መጠጥ አድርጎ ነው የሚያየው፤ ካፌ ገብቶ ማኪያቶውን በሦስት ማንኪያ ሲያጣፍጥ የሠለጠነ ይመስለዋል። ሀይታ ቱኬንም ቢሆን ያለ ነቀፌታ አላልፈውም፤ ጨው ይበዛበታል። በቀን ከ5 ግራም በታች ጨው ነው የሚመከረው፣ ያ ደግሞ አንድ የሻይ ማንኪያ አይሞላም። ደም ግፊት ያለባት እናቴ የራሷን ስኒ ጨው ሳይገባ ታስቀዳለች፤ ዝንጅብሉና ቃሪያው ይበቃታል።

6. ዳጣ ካለ ዘይት ይቀንሳል

ጎመን ያለ ብዙ ዘይት አይጣፍጥም የሚሉ ዳጣ ያልቀመሱ ናቸው። አንድ ማንኪያ ዳጣ ለአንድ ቤተሰብ ጎመን ይበቃል። ገበያ ላይ በብዛት የምናገኘው የሚረጋው የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ የሳቹሬትድ ስብ ነው፤ አልከለከልኩትም፣ ማፍሰሱን ትቼ በማንኪያ መለካት ጀመርኩ። ዳጣው ራሱ ከቤት የተፈጨ ቢሆን ጨዉን የምትወስኚው አንቺ ነሽ።

7. የጎረቤቴ ረቡዕና ዓርብ

የእኛ ቤት ወንጌላዊ ነው። ሚስዮናውያን በ1920 ዓ.ም. ገደማ ሶዶ ከገቡ ወዲህ የወላይታ አብዛኛው ሕዝብ በዚያ መንገድ ሄዷል፣ አያቴም ከነዚያ መካከል ነበሩ። የእኛ ጾም ከምግብም ከውሃም ተለይቶ መጸለይ ነው፤ ጸሎቱ ሲያበቃ የተገኘው ይበላል። ጥሩ ጾም ነው፤ ለወጥ ቤት ግን የሚያስተምረው ነገር የለም። ሥጋና ቅቤ ሳይነኩ ለሳምንታት ጣፋጭ ምግብ የማቅረብን ጥበብ የያዘችው የኦርቶዶክስ ጓዳ ናት፤ በሁዳዴ ብቻ 55 ቀን አለባት።

ግድግዳ የምንጋራቸው እትዬ ከሸዋ የመጡ ናቸው፤ ባለቤታቸው እዚህ መምህር ሆነው ተመድበው በዚያው የቀሩ። ቦሎቄው እንደሰለቸኝ ብነግራቸው ሳቁብኝ፦

«ልጄ፣ ጥራጥሬ ማለት ቅቅል ብቻ መሰለሽ እንዴ?»

ከዚያ ወዲህ ረቡዕና ዓርብ የእሳቸውን ምሳ እኮርጃለሁ። አዚፋ በሰናፍጭ፣ የሱፍ ፍትፍት፣ ስልጆ፣ ተልባ፣ ክክ አልጫ። ልጆቼ አዚፋውን ከሥጋ ወጥ ሊያስበልጡት ምንም አልቀራቸውም። በሳምንት ሁለት ቀን ያለ ቅቤ የሚበላ ቤት ሆንን፤ ያጣነው ነገር ያለ አልመሰለንም።

አንድ ነገር ግን አጥብቀው ከልክለውኛል። ጾሙን ለመክሳት የምትጾም አንዲት ወጣት ስናነሳ ፊታቸው ተለወጠ፦ «እሱ ሒሳብ ነው እንጂ ጾም አይደለም።» ሙያዬን መንካታቸው ይሁን አይሁን አላውቅም፤ ሐሳቡን ግን ተቀብያለሁ። የሰው ሃይማኖት የእኔ የክብደት ዘዴ አይሆንም። የተዋስኩት ድስቱን ነው።

8. ጊፋታን አትንኩ

መስከረም ላይ የወላይታ ዘመን መለወጫ ጊፋታ ሲመጣ ወንዶቹ ዓመቱን ሙሉ ባጠራቀሙት ገንዘብ በሬ ይጥላሉ፣ ሴቶቹ በእቁብ የሰበሰቡትን ቅቤ ያወጣሉ። ሙቿና ባጪራ የሚባሉት የበዓል ምግቦች፣ ቁርጡም ይቀርባል። የተጣላ ይታረቃል፣ አዲስ አበባና ሀዋሳ ያለው ልጅ ይመጣል። በዚያ ገበታ ላይ «እኔ ቅቤ አልበላም» የምትል ሴት ቅቤው ላይ ብቻ ሳይሆን ሰዎቹም ላይ በር ዘጋች። እኔ እበላለሁ፣ ደስ ብሎኝ እበላለሁ፤ በማግስቱ ለማካካስ ብዬ አልራብም።

ስኳሬን ያወጣው ጊፋታ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ያወጣው ከጥቅምት እስከ ነሐሴ ማንም ልብ ሳይለው የሚጠጣው ሻይ፣ የሚገመጠው ነጭ ዳቦ ነው። ከበዓሉ ለይቼ የማየው የአዘቦቱን ሉካንዳ ነው። ደመወዝ በወጣ ቁጥር ለሁለት ሰው ኪሎ ቁርጥ የሚያዝዝ ወንድ በዓል እያከበረ አይደለም። ከጎኑ አንድ ሳህን ጎመን ቢቀርብ ምን ነበረበት? ጥሬ ሥጋና የኮሶ ትል ያላቸውን ወዳጅነት ሐኪሞች ከእኔ የተሻለ ነግረዋችኋል፤ ባሎቻችን እንደማይሰሙ ስለማውቅ አላራዝመውም።

9. «በሞቴ!»

በእኛ ዘንድ እንግዳ ምግብ ሲመልስ ቤቱን ናቀ ይባላል። ረሃብ ባየ አገር ሳህን ላይ ምግብ ማስተረፍም ነውር ነው። ሁለቱ ሲገናኙ «በሞቴ፣ ይችን ብቻ» የሚባል ነገር ይመጣል፣ ያቺም ብቻ አትሆንም። ክርክር አያዋጣም፤ «ሐኪም ከልክሎኛል» ማለትም የታማሚ ወሬ ይከፍታል። እኔ የምሠራበት ዘዴ ቀላል ነው። ሳህኔ ባዶ ሲሆን ይሞሉታልና ባዶ አላደርገውም። ቀስ ብዬ እበላለሁ፣ ብዙ አወራለሁ፣ ሙያዋን አመሰግናለሁ። የሚያስከፋት ዝምታዬ እንጂ የጉርሻዬ ቁጥር አይደለም። ሁለተኛ ማንሳት ግድ ከሆነ «ከጎመኑ ጨምሪልኝ» እላለሁ። ጎመን ስትጠየቅ ያልደነገጠች አስተናጋጅ እስካሁን አላየሁም፤ ደንግጣ ግን ትሰጣለች።

10. ሚዛኑ

መንገድ ዳር ሚዛን ዘርግተው የሚቀመጡ ልጆች ሶዶም ውስጥ አሉ። ሥራቸውን አከብራለሁ፣ ሚዛናቸው ላይ ግን አልወጣም። የአንድ ጤነኛ ሰው ክብደት በጠጣው ውሃ፣ በበላው ጨው፣ ሴት ከሆነች በወር አበባዋ ምክንያት ከቀን ቀን አንድ ሁለት ኪሎ ይወጣል ይወርዳል። ያንን ቁጥር በየሳምንቱ እያየ የሚደሰትና የሚያዝን ሰው የሚከታተለው ውሃን ነው። ቁጥሩ ከወረደ ይሸለማል፣ በምግብ፤ ከወጣ ይናደዳል፣ እሱም በምግብ ያልቃል።

እኔ የምከታተለው ሌላ ነው። በየጥቂት ወሩ በባዶ ሆድ ስኳሬን እለካለሁ፣ ደም ግፊቴንም አብሬ። ከምሳ በኋላ ባለው ክፍለ ጊዜ እንቅልፍ ይጥለኝ ነበር፤ አሁን ቆሜ አስተምራለሁ። ወደ ዳሞታ በሚወጣው ዳገት ላይ ድሮ ባጃጅ የምጠራበትን ቦታ አሁን እያወራሁ አልፈዋለሁ። ቀሚሴ ሰፍቶኝ እንደሆነ ለምትጠይቁኝ፣ ትንሽ ሰፍቷል። ልብስ ሰፊዋ ታውቃለች፣ እኔ ቁጥሩን አልያዝኩትም።

11. ልጆች ይሰማሉ

የማስተምርበት ክፍል ውስጥ ቁርስ ሳይበሉ የሚመጡ ልጆች አሉ። በተለይ ከየካቲት ጀምሮ፣ የመኸሩ እህል ሲያልቅና የበልጉ ሳይደርስ፣ ከረፋዱ ክፍለ ጊዜ በኋላ ጥያቄ የሚመልስ ይቀንሳል። እዚያው ግቢ፣ መምህራን ክፍል ውስጥ፣ ለመክሳት ብላ ምሳዋን የመለሰች ሴት አለች። ሁለቱን በአንድ ቀን ሳይ ምን እንደምል ይጠፋኛል። ሴትየዋን አልወቅስም፤ የሰማችውን ነው የምታደርገው። ግን ያን ወሬ ተማሪዎች ፊት አታውሪው ብያታለሁ፣ እሷም ተቀብላኛለች።

ምክንያቱም ይጋባል። ልጄ ገና በአሥራዎቹ መጀመሪያ ሳለች መስታወት ፊት ቆማ «እማዬ፣ ወፍራም ነኝ?» አለችኝ። በማደግ ላይ ያለች ልጅ ደም ትፈልጋለች፣ አጥንት ትፈልጋለች፣ ምግብ ትፈልጋለች። እኔ ቤት ውስጥ ስለ ውፍረት የማወራ ብሆን ኖሮ ጥያቄዋ እኔ ጋ አይመጣም ነበር፤ በድብቅ ምሳዋን ለጓደኛዋ ትሰጥ ነበር። ከእሷ ጋር የማወራው ስለ ምግቡ ሥራ ነው፦ ብርቱካናማው ለዓይን፣ ቦሎቄው ለደምና ለጡንቻ፣ ወተቱ ለአጥንት። ኪሎ የሚባል ቃል ቤታችን ውስጥ ለቡናና ለሥጋ ብቻ ነው የሚያገለግለው።

12. ለሶዶ ሆቴልና ምግብ ቤት ባለቤቶች

የመጨረሻው ትምህርት ሳይሆን ልመና ነው። ከተማችን የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ከሆነች በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ ስብሰባው በዝቷል፣ እንግዳው በዝቷል፣ ከቤቱ ርቆ በየቀኑ ምሳ የሚገዛ ሠራተኛም በዝቷል። የምሳ ዝርዝራችሁን ሳነብ ፓስታ፣ ሩዝ፣ ጥብስ፣ ቁርጥ ነው የማገኘው። ጎመን ካለም ከክትፎ ጎን ጭብጥ ታክላለች። ቦሎቄ የለም፣ ቦዬ የለም፣ የተቀቀለ ስኳር ድንች የለም፤ ሀይታ ቱኬ በጊፋታ ሰሞን ለቱሪስት ትወጣለች። እነዚህን ሁሉ ከከተማዋ ገበያ ከጥብስ ሥጋ ባነሰ ዋጋ ትገዛላችሁ፣ ትርፍም ታገኙበታላችሁ። በቆጮው ላይ አንድ ሙሉ ሳህን ጎመንና ቦሎቄ አድርጋችሁ፣ ዳጣውን ከጎን አስቀምጣችሁ፣ በየቀኑ የምሳ ዝርዝር ላይ ጻፉልን። እኛ መምህራን እንመጣለን።